ቲሸርቱ ደህና ነው፣ ያስቸገረው ጽሑፉ ነው፦ በካውያ የተለጠፈ ህትመትን ቤት ውስጥ ማስለቀቅ

ቁም ሳጥናችሁን ብትከፍቱ ቢያንስ አንድ እንዲህ ዓይነት ቲሸርት አታጡም። ለጓደኛ ሠርግ ተሠርቶ ጀርባው ላይ «የሙሽራው ወገን» የተጻፈበት፣ ወይም ከዓመታት በፊት የተመረቀ የአጎት ልጅ ከነጋዋኑ ደረታችሁ ላይ ቆሞ ፈገግ የሚልበት። ጨርቁ ምንም አልሆነም። ስፌቱ አልተፈታም፣ ጥጡም ወፍራም ነው። ግን ለብሳችሁት ታክሲ ስትገቡ የማን ወገን እንደሆናችሁ ሰው ሁሉ ያነባል።

እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በአንድ የሰልባጅ ሹራብ ምክንያት ነው። ኮፍያ ያለው፣ ጥቁር፣ ውስጡ ለስላሳ። ደረቱ ላይ ግን የማላውቀው አገር የመረብ ኳስ ቡድን ስም በትልቁ ተለጥፏል። በአንድ ምሽት አስለቀቅኩትና ልቤ አበጠ። በሳምንቱ የእህቴ ልጅ ማሊያው ላይ ያለው ቁጥር ይቀየርልኝ ሲል «አምጣው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አልኩት። ካውያውን እስከ መጨረሻው አግዬ በቀጥታ ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩት። ቁጥሩ ለቀቀ፣ ከነማሊያው። ልዩነቱ ከጨርቁ ነበር። ሹራቡ ጥጥ ነው፣ ማሊያው ፖሊስተር። ይህን ሳላይ ነው እጄን የሰደድኩት።

ስለዚህ ካውያውን ከመሰካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፦ የተለጠፈው ምን ዓይነት ህትመት እንደሆነና የተለጠፈበት ጨርቅ ምን እንደሆነ።

ይለቃል ወይስ አይለቅም?

ልብስ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ የተለጠፈ አይደለም። አንዳንዱ ጨርቁ ውስጥ የገባ ቀለም ነው፣ እሱን ደግሞ ምንም ብታደርጉ አታወጡትም። ለመለየት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ዳብሱት።

ጠርዙ በጥፍር የሚያዝ፣ እንደ ስስ ላስቲክ ወይም እንደ ስቲከር ከጨርቁ ከፍ ያለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ማተሚያ ቤቶች ቪኒል የሚሉት ነው። ከቀለም ላስቲክ ላይ ፊደሉ ይቆረጥና በሂት ፕሬስ፣ ማለትም አግሎ በሚጫን ማሽን፣ ይለጠፋል። የማሊያ ቁጥርና ስም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከሥሩ በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ አለው፣ ሲለጠፍም አብዛኛውን ጊዜ 150 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ተጭኖ ነው። በሙቀት የመጣ በሙቀት ይሄዳል።

ፎቶ ያለበት፣ ዙሪያው በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ስስ ሽፋን ያለው ደግሞ ከተራ ፕሪንተር ወረቀት ላይ የተገለበጠ ነው። ቤት ውስጥ በካውያ የሚለጠፈውም ይኼ ነው። ሲያረጅ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ይለቃል፣ ግን እንደ ቪኒሉ በአንድ ቁራጭ ሳይሆን እየተፈረፈረ ነው።

አሁን አሁን ማተሚያ ቤቶች የሚያበዙት ዲቲኤፍ አለ፣ ፊልም ላይ ታትሞ ወደ ልብሱ የሚገለበጥ። ባለብዙ ቀለም፣ ስስ፣ ሲለጠጥ አብሮ የሚለጠጥ። ሙጫው በዱቄት መልክ ተነስንሶ የቀለጠ ስለሆነ ጨርቁን አጥብቆ ይይዛል። ይለቃል፣ ግን ከሰዓት በኋላችሁን ሙሉ ይበላል።

የማይለቀው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስክሪን ፕሪንት ነው። ወፍራም ሆኖ ይዳበሳል፣ ነገር ግን በጥፍር የሚያዝ ጠርዝ የለውም፤ ቀለሙ በወንፊት ተጨምቆ ክሮቹ መሀል ገብቷል። ሌላው ፖሊስተር ላይ የሚሠራው ሰብሊሜሽን ነው። ይኼኛው ሲዳበስ ጭራሽ የለም፣ ቀለሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ ክሩ ውስጥ ገብቷል። እነዚህን ተዉአቸው። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ብታፈሱበት ስክሪን ፕሪንቱ ተላቁጦ አካባቢውን ያበላሻል እንጂ አይለቅም።

መለየት ካቃታችሁ አንዱን ጠርዝ በፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ አሙቁና በጥፍራችሁ ሞክሩት። እንደ ቆዳ ተነሥቶ ከመጣ ቀጥሉ። ጣታችሁ ላይ ቀለም ብቻ ከቀባ ወይም ምንም ካልሆነ ልብሱን እጠፉና አስቀምጡት፣ ወይም ይኼን ጽሑፍ ዘልላችሁ መጨረሻ ላይ ስለ መሸፈን ያልኩትን አንብቡ።

ጨርቁስ?

አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ጨርቅ ፈልጉ። የካውያ ሥዕል ውስጥ 1 ነጥብ ካለ እስከ 110 ዲግሪ ብቻ፣ 2 ነጥብ እስከ 150፣ 3 ነጥብ እስከ 200 ይችላል ማለት ነው። ካውያው ላይ ኤክስ ከተደረገ ደግሞ ካውያ አታስጠጉት፣ ቀዝቃዛውን ዘዴ (ፍሪዘሩን) ወይም አሴቶኑን ነው የምትሞክሩት።

የሰልባጅ ልብስ ላይ ይህች ጨርቅ ብዙ ጊዜ ተቆርጣ ትገኛለች። እንደዚያ ከሆነ ከውስጥ ስፌት ዳር አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉት። ግን ያ ክር የስፌቱ ሳይሆን የጨርቁ መሆኑን አረጋግጡ፣ ጥጥ ልብስም በፖሊስተር ክር ይሰፋልና። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይተዋል። ሱፍ ከሆነ ፀጉር የተቃጠለ ይሸታችኋል። ሁለቱን ባሕርይ አንድ ላይ ካሳየ ቅልቅል ነው፣ እንደ ፖሊስተር ቁጠሩት።

የሚያስፈልጋችሁ

ካውያ፣ አሮጌ ፎጣ፣ አንድ ካርቶን፣ ወረንጦ፣ ካኪ ፖስታ ወይም ያልተጻፈበት ወረቀት፣ ጥጥ፣ ቀለም የሌለው አሴቶን፣ ላርጎ። ጋዜጣ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ወደ ልብሱ ይዞራል። የከሰል ካውያም አይሆንም። መብራት ከጠፋ ጠብቁ፤ የከሰሉ ሙቀት ስለማይታወቅ አንዱን ጥግ ያቃጥለዋል፣ ሌላውን አይነካውም፣ ፍንጣሪውም አለ።

በሙቀት ማስለቀቅ

መጀመሪያ የምትሞክሩት ይህንን ነው። ጥጥ ላይ ያለ ቪኒል ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ልብሱን አስቀድማችሁ እጠቡትና በደንብ ይድረቅ። ላብና ቅባት ሲግል እዚያው ይጋገራል። ካውያው ውስጥ ውኃ ካለ ድፉትና እንፋሎቱን ዝጉ፣ ምክንያቱም እርጥበት ሙጫውን ከማላላት ይልቅ ጨርቁን ያረጥብና ሙቀቱን ይበላባችኋል።

ልብሱን ገልብጡት፣ ውስጡ ውጭ ይሁን። ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ፣ ልብሱን በላዩ ላይ አስተኙት፣ ህትመት ያለበት ወገን ከላይ ይሁን። ካርቶኑን በፊትና በኋላው መሀል አስገቡ፣ ካኪውን በካርቶኑ ላይ አድርጉና ህትመቱ በደረቱ እሱ ላይ ይረፍ፣ አለዚያ የቀለጠው ሙጫ ጀርባው ላይ ይጣበቅና ሁለት ሥራ ይሆናል። አሁን ከላይ የምታዩት የህትመቱን ጀርባ ነው። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። ከፊት ብትተኩሱት ሙቀቱ መጀመሪያ ላስቲኩን ነው የሚያገኘው። ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ካውያው ላይ ይለጠፋል፣ ሙጫው ግን ገና አልሞቀም። ከጀርባ ስትመጡ መጀመሪያ የሚላላው ሙጫው ነው።

ጥጥ ከሆነ 2 ነጥብ ላይ አድርጉ። ፖሊስተር ከሆነ 1 ነጥብ ላይ፣ ያውም በመሀል ስስ ጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ። ካውያውን ሳትጎትቱ ተጫኑና 15 ሴኮንድ ያህል ቁጠሩ። ከዚያ ሳትዘገዩ አገላብጡና አንዱን ጥግ በወረንጦ ያዙ። መዘግየት የለም፤ ይህ ሙጫ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነክሳል፣ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው።

አላላጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወደ ላይ አትንጨቱት። ወደ ላይ ሲጎተት ጨርቁም አብሮ ይነሣል፣ ይለጠጣል፣ ቲሸርቱ ደረቱ ላይ ጡት ያወጣ ይመስላል። ያነሣችሁትን ጥግ ወደ ኋላ አጥፉትና በጨርቁ ላይ እንዲንሸራተት አድርጋችሁ ዝግ ብላችሁ ሳቡት፣ በሌላው እጃችሁ ጨርቁን ወደ ጠረጴዛው ተጫኑ። እሺ ሲል የሚሰማ ድምፅ አለው፣ ቲክ ቲክ የሚል። መጎተት ሲከብዳችሁ ቁሙ። መልሳችሁ አሙቁት። ሦስት አራት ጣት የሚያክል ቦታ በአንድ ጊዜ በቂ ነው፣ ሙሉውን አግሎ ለመላጥ መሞከር የእኔን ማሊያ ያስታውሰኛል።

ጥጥ ሆኖ በ2 ነጥብ አልላላም ካለ በጥቂቱ ጨምሩ፣ በአንዴ ወደ 3 አትዝለሉ። ፖሊስተር ሆኖ በ1 እምቢ ካለ ግን ካውያውን ተዉት። የፀጉር ማድረቂያ አንድ ጥግ ላይ አስጠግታችሁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማሞቅ ይሻላል፣ ቀርፋፋ ነው ግን ጨርቁን አያኮማትረውም። ማሊያ ላይ የምጠቀመው አሁን እሱን ብቻ ነው።

ቁጥሩ ባለሁለት ቀለም ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀይ ሆኖ ዙሪያው ነጭ፣ ሁለት ላስቲክ ተደራርቧል ማለት ነው። ላይኛውን ብቻ ይዛችሁ ከመጣችሁ አትደናገጡ፣ ታችኛውን እንደገና ከሀ ጀምሩት።

መስኮት ይከፈት። ላስቲክ ከልክ በላይ ሲግል የሚያፍን ጭስ ያወጣል። ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ከመጣ ካውያው በዝቷል ማለት ነው።

በአሴቶን ማስለቀቅ

ሙቀቱ ግማሽ ድረስ አድርሶ ከተወው፣ ወይም ህትመቱ ተሰነጣጥቆ በእጅ የማይያዝ ከሆነ፣ ወደ አሴቶን እንሂድ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብለው ኮስሞቲክስ ቤት የሚሸጡት ነው፣ ግን ጠርሙሱ ላይ አሴቶን መሆኑን አንብቡ። «አሴቶን የለበትም» የሚለው ለጥፍር ይስማማል እንጂ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ሮዝና አረንጓዴ ቀለም ያላቸውን ተዉ፣ ነጭ ቲሸርት ላይ የራሳቸውን ትዝታ ይተዋሉ።

አሁን ቁም ነገር። አሴቶን በጣም ተቀጣጣይ ነው። የሚፈላው በ56 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ሲከፈት ወዲያው ይተናል። ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። የእኛ ቤት ወለል ላይ ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ጀበና የተጣደበት የከሰል ምድጃ። ቡና እየተፈላ አሴቶን አይከፈትም። ሻማም፣ ዕጣንም፣ ሲጋራም እንደዚያው። ካውያው ተነቅሎ መቀዝቀዝ አለበት። ብትችሉ በረንዳ ላይ ውጡ፣ ልጆችን አርቁ።

ቤንዚን ቆሻሻ ያስለቅቃል የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። እሱን አትስሙ፣ ከእሳቱ ሌላ ሽታው ከልብሱ አይወጣም። በረኪና ደግሞ ከአሴቶን ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሮፎርም ይፈጠራል። አልኮልም ከበረኪና ጋር እንደዚያው አደገኛ ነው። ልብሱን በበረኪና ልታነጡት ካሰባችሁ አሴቶኑ ታጥቦ ወጥቶ ልብሱ ደርቆ በሌላ ቀን ይሁን።

ከዚያ ሙከራ። ከውስጥ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ በነጭ ጥጥ ጥረጉት። ጥጡ የልብሱን ቀለም ከያዘ አሴቶኑ ለዚህ ልብስ አይሆንም። ጥጥ ጨርቅና ፖሊስተር አሴቶንን ይችሉታል። አሲቴት የሚባለው ግን፣ የኮትና የጃኬት ገበር ብዙ ጊዜ ከእሱ ይሠራል፣ አሴቶን ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል። ገበር ያለው ልብስ ላይ አትሞክሩት።

ሁሉም ደህና ከሆነ ልብሱን ገልብጡና ህትመቱ ካለበት በስተጀርባ በአሴቶን በራሰ ጥጥ ደጋግማችሁ አርጥቡት። ከፊት ሳይሆን ከጀርባ፤ ምክንያቱ ያው የካውያው ነው፣ የምንፈልገው ሙጫውን ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከደረቀ ጨምሩ። ከዚያ ጨርቁን ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ ለጠጥ አድርጉት፣ ጠርዙ ሲነሣ ታያላችሁ። በወረንጦ ወይም ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዝ ፋቁት። ቢላዋና ምላጭ ፈጣን ይመስላሉ፣ ግን ጨርቁን ስትቀዱት የምታውቁት ከታጠበ በኋላ ነው።

በእጃችሁ ጓንት አድርጉ። ስስ የላስቲክ ጓንት ቶሎ ይበላሻል፣ ወፍራሙ ይሻላል። የፋርማሲ አልኮል ያለው ሰው እሱንም መሞከር ይችላል፣ ከአሴቶን ይለዝባል፣ አንዳንድ ሙጫ ላይም ይሠራል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እሱም ተቀጣጣይ ነው።

ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትስ?

ይሠራል የሚሉ አሉ። ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ማሳደር፣ ጠዋት ገና ሳይሟሟቅ ህትመቱን አጥፎ መስበር። እኔ ያየሁት ጠንካራና ያረጀ ህትመት ላይ ብቻ ሲሆን ነው። የሚለጠጠው አዲሱ ላስቲክ ብርዱን ከቁብም አይቆጥረው። ካውያ የማይችል ልብስ ከሆነ ግን ምንም አታጡም፣ ሞክሩት።

ሙጫው

ፊደሉ ሄደ፣ ጣት ሲያርፍበት ግን ይለጠፋል፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ያብለጨልጫል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደክሞት ይተወዋል። ከዚያ አቧራው ሙጫው ላይ ይሰፍርና በሁለት ሳምንት ውስጥ የጠፋው ጽሑፍ በቆሻሻ ተጽፎ ይመለሳል፣ ያውም ከበፊቱ ጎልቶ።

ጥጥ ልብስ ከሆነ ንጹሕ ካኪ በሙጫው ላይ አድርጉና በ2 ነጥብ ተኩሱት፣ ትኩስ እንደሆነ ካኪውን አንሡት። ሙጫው ወደ ካኪው ይሸጋገራል። ቦታ እየቀየራችሁ ድገሙት፤ የተጠቀማችሁበትን ቦታ መልሳችሁ ካደረጋችሁ የወሰደውን ይመልስላችኋል። በእርግጥ ይህን የምታደርጉት አሴቶን ያልነካው ልብስ ላይ ነው፣ ወይም አሴቶኑ ታጥቦ ከወጣ በኋላ። በአሴቶን የራሰ ልብስ ላይ ካውያ ማለት እሳት ነው።

የቀረውን ቅሪት ካውያው ከቀዘቀዘ በኋላ በአሴቶን ጥጥ ከዳር ወደ መሀል ጥረጉት። ከመሀል ወደ ዳር ከሄዳችሁ ሙጫውን ታስፋፉታላችሁ። ጥጡን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ከዚያ ላርጎ በደረቁ ጨርቅ ላይ አፍስሱ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ ሩብ ሰዓት ይቆይ፣ ለብ ባለ ውኃ በእጅ እጠቡት። አሴቶን የነካው ልብስ ሽታው እስኪጠፋ አየር ላይ ሳይሰጣ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽንም ሆነ ማድረቂያ አይግባ።

መጨረሱን እንዴት ታውቃላችሁ? ልብሱ ሲደርቅ ትንሽ ጥጥ በታትናችሁ ቦታው ላይ ተጫኑና አንሡት። የጥጡ ፀጉር የቀረበት ቦታ ላይ ሙጫ አለ። ያ ቦታ እስኪጠራ ድረስ ልብሱን እንደ ወትሮው አትተኩሱት።

ጥላው ሲቀር

ይህ ከእናንተ ጥፋት አይደለም። ቲሸርቱ በፀሐይና በእጥበት ሲነጣ ከጽሑፉ ሥር ያለው ጨርቅ ተሸፍኖ ስለነበር የድሮ ቀለሙን ይዟል። ጽሑፉ ሲነሣ «የሙሽራው ወገን» የሚለው በጥቁር ጥላ ይነበባል። በሂት ፕሬሱ ግፊት የተኛ ክር ብቻ ከሆነ በእንፋሎት ተኩሳችሁ በብሩሽ ብታነሡት ይስተካከላል። የቀለም ልዩነት ከሆነ ግን መታጠብ አይፈታውም። ጥቁር ጥጥ ልብስ በጨርቅ ቀለም ሙሉውን መንከር ይቻላል፣ ፖሊስተር ግን የጥጥ ቀለም አይቀበልም።

ሌላው መሸፈን ነው። በላዩ ላይ አዲስ ለማሳተም ካሰባችሁ ሙጫው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አረጋግጡ፣ አለዚያ አዲሱም በወሩ ይላጣል፣ አዲሱም ከድሮው ጥላ ሰፋ ይበል። ኪስ ማሰፋት ደረት ላይ ላለች ትንሽ ዓርማ ጥሩ ነው፣ ጥልፍም ያምራል። የሰፈር ልብስ ሰፊ ጋ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከምታስቡት በላይ ሐሳብ አላቸው።

የእህቴ ልጅ ማሊያ የዳነው እዚያ ነው። ሰፊው የተኮማተረውን ቦታ አየ፣ እኔን አየ፣ «በምን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ምንም ሳይል የተቃጠለውን ቆርጦ አወጣና ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ገጥሞ በላዩ ቁጥር በክር ሰፋበት። ልጁ 7 ነበር የፈለገው። ቀዳዳው ግን በ7 የሚሸፈን አልሆነም፣ 8 ሆነ።